በሜዳ ላይ የቆመ ደጃፍ

ዛሬ በቅድሚያ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ልውሰዳችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤቱን የባሏ ወንድሞች ወሰዱት፤ እሷ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ገባች። አልጋዋ ከገባ በኋላ ሰው የሚቆምበት ቦታ አልተረፈም። አከራይዋም ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገሯት፦ «እንግዳ፣ ድግስ፣ ጫጫታ የሚባል ነገር አልወድም!»

ይህች ሴት የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ማኅበሩን የወረሰችው ከእናቷ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ባለተራዋ ታበላለች፣ ታጠጣለች፤ ማኅበሩ ሲበተን ደግሞ ተረኛዋ ጽዋውን ተቀብላ ቤቷ ትወስዳለች። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። በዚያ ማኅበር አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ መደገስ ያልቻለች ጽዋውን ትመልሳለች፤ የመለሰች ከማኅበሩ ትወጣለች።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ጽዋው እሷ እጅ ገባ። ምን ትበል? ማኅበርተኞቿ የት እንደምትኖር ሲጠይቋት «እህቴ ጋ ነኝ» ስትል ነው የከረመችው። ዋሽታለች፤ አፍራ ነው የዋሸችው። ጽዋው ራስጌዋ ተቀምጦ ቀኑ ይሮጣል። እሷ የምታስበው የባለፈውን ወር ባለተራ ሳሎን ነው፤ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን፣ ብርጭቆ የሞላውን ቁም ሳጥን።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ለዚህች ሴት ማኅበሩ ምኗ ነበር? ባሏ የሞተ ዕለት አብረዋት ያለቀሱት እነማን ናቸው? ስትታመም የሚጠይቋት እነማን ናቸው? እነሱ ናቸው። ከእነሱ ሌላ ሰው የላትም።

ጥር አሥራ ስምንት ጠዋት ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ልትመልስ ወጣች።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ጎረቤት አሏት፤ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ሲያልፉባቸው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም።

«በጠዋቱ ጽዋ ታቅፈሽ ወዴት ነው?»

«ልመልሰው ነው፣ እትዬ። የምደግስበት ቤት የለኝም።»

«ማርያም ቤት አምጪ አለችሽ?»

«ማኅበር ሜዳ ላይ አይጠጣም ይላሉ እማማ የሺመቤት።»

እማማ የሺመቤት የማኅበሩ ታላቅ ናቸው። እሳቸው አንዴ ያሉት አይታጠፍም። እትዬ አስካለ ግን የከሰል ማራገቢያቸውን አስቀመጡና ተነሱ።

«ግንቦት ልደታን የማን ሳሎን ነው የምናከብረው? ደጅ ወጥተን አይደል እንዴ? የተወለደች ዕለት ሜዳ ላይ የበላንላት፣ ጥር ላይ ጣራ ካላየች ትቀየማለች? ይልቅ ሂጂና ድንች ግዢ!»

ድንች ግዢ! ወገኖቼ፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የምሰብከውን እትዬ አስካለ በሁለት ቃል ጨረሱት።

ጽዋውን ይዛ ተመለሰች። ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ዛፍ ሥር ያለውን ቦታ ጠረገች። ዳቦውን እትዬ አስካለ ግቢ ደፋች፤ ጠላውን እሳቸው ቻሏት። ሌላው ቀላል ነው። ዓሣው ሆዱ ተከፍቶ፣ ጨውና ሎሚ ታሽቶ ፍም ላይ። ድንቹ ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ። ቃሪያው ተሰንጥቆ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ተሞልቶ። አለቀ! የሚያስጨንቀን ምግቡ መሰላችሁ? ምግቡ አስጨንቆን አያውቅም፤ የሚያስጨንቀን ሰው ምን ይለኛል ነው።

አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ አላት። እንግዶቹ በየት በኩል ይገባሉ? ሜዳ በር የለውማ! ስለዚህ ሁለት አጠና ተከለች፤ በላያቸው ሌላ አጋደመች። ገበያ ሄዳ ከበቆሎ ላይ ተልጦ የተጣለውን ደረቅ ቅጠል ለቀመች። ውኃ ውስጥ ነክራ አለሰለሰችው፣ የስፌት ሣር በሚነከርበት ቀለም ቀይና አረንጓዴ አደረገችው፣ እያጠፈች በክር እያሰረች አበባ አወጣችለት። እንጨቱ እስኪጠፋ ድረስ አለበሰችው። ግድግዳ የለ፣ ጣራ የለ፣ በር ብቻ! አላፊ አግዳሚው ሳቀባት። ይሳቅ።

ሃያ አንድ ደረሰ። ሴቶቹ «ሐይቁ ዳር ኑ» ብላ ልካባቸው ነበርና በነጠላቸው ተሸፋፍነው መጡ። ዙሪያው ክፍት ሜዳ ነው፤ በፈለጉት በኩል መግባት ይችላሉ። አንዷም አልገባችም! ከአበባው ደጃፍ ውጭ ተሰብስበው ቆሙ። የሚጠብቁት እማማ የሺመቤትን ነው።

መጡ። ዘንጋቸውን ተደግፈው ሜዳውን አዩ፣ ፍሙን አዩ፣ ደጃፉን አዩ።

«ቤትሽ ይህ ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። «እህቴ ታማብኝ ነው» ብትል ማን ያጣራባታል?

«አዎ፣ እማማ። ያለኝ ይህ ነው። እህቴ ጋ አይደለሁም፤ ዋሽቻችኋለሁ። የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው፤ ሰውም አያስገቡልኝም። ይህን ጽዋ አልመልስም፣ እማማ። እናንተን ካጣሁ ማን አለኝ?»

እማማ የሺመቤት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ደጃፉ ረጅም ነው፤ እሳቸው ግን ጎንበስ አሉ፣ ዝቅተኛ ጎጆ እንደሚገባ ሰው። እግራቸውን አሻገሩና ጮክ ብለው፣

«ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

ለሜዳው! ጣራ ለሌለው ሜዳ! ቤት የገባ እንግዳ የሚለውን አሉት።

ያቺም ሴት እንባዋ እየወረደ «እንቦሳ እሰሩ!» ስትል እልልታው ሐይቁን ተሻገረ። ተከታትለው ገቡ፤ በደጃፉ በኩል፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዷ «ቤት ለእንቦሳ!» እያለች።

እማማ የሺመቤት ሁለት ዓሣ ጨረሱ። የሦስተኛውን ድንች አመድ እያራገፉ፣ «እኔም አንድ ክረምት ጣራዬ ቢያፈስብኝ አሞኛል ብዬ ተራዬን አሳልፌያለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ ይህች ልጅ የት ነበረች?» በሚቀጥለው ወር፣ ቀደም ሲል ጽዋ መልሰው የወጡ ሁለት ሴቶች ወደ ማኅበሩ ተመለሱ። የት የተደገሰ ይመስላችኋል? እዚያው ሜዳ ላይ ነዋ!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ እኔም ጭምር። እኔና ባለቤቴ ግድግዳችን እስኪለሰን ብለን ሦስት ዓመት ሰው አልጠራንም። ግድግዳው ተለሰነ፤ ልንጠራቸው ያሰብናቸው ሁለት ሽማግሌዎች ግን ሊያዩት አልቆዩልንም። ይህ ይቆጨኛል።

እናንተስ? ሶፋው ሲገዛ ነው? ሰርቪሱ ሲሟላ ነው? ጌታችን ያን ሁሉ ሕዝብ ሣር ላይ አስቀምጦ ሲያበላ ወንበር አስቆጠረ? በአንድ ግቢ እየኖራችሁ ደጃችሁን ረግጦ የማያውቅ ጎረቤት የለም? ከሐዘኗ ወዲህ ማንም «ነይ ብይ» ያላላት ሴት የለችም?

ልጄ፣ አንቺ «ቤቴ አይሆንም» የምትዪው፣ ይሆናል! ወንድሜ፣ አንተ «ትንሽ ልደላደል» የምትለው፣ የሚያደላድልህ ሰው ነው! ያላችሁን አቅርቡ፤ የሌላችሁን ሳታፍሩ ተናገሩ። በዚህ ሳምንት፣ እሑድ ሳይደርስ፣ የምታፍሩትን ሰው ስሙን ጠርታችሁ «ና፣ ግባ» በሉት። ወጡ ቢያር ይረር! ሰው ይግባ! እስቲ እልል በሉ!