አህያ የረገጠችው ነጭ ክር

ጫፏን ያዙልኝ። ተረቷ አጭር ናት፤ ካልያዛችኋት ግን ትፈታለች።

ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። እህቷ ብርቄ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ነገ አርባ ቀኑ ነው፤ ነገ ክርስትና ይነሳል። ወሩ ኅዳር፣ አገሩ ደጋ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይተኛል።

ዘርፌ፣ "ልጁ ከውሃው ሲወጣ የሚጠቀለለው እኔ በሠራሁት ነው" ብላ ኪሮሿን ይዛ ቁጭ አለች።

ብርቄ ሳቀች። "አንቺ? ጀምረሽ የጨረስሽው ምን አለ? ሹራብሽ አንድ እጅጌ ነው ያለው። መሶብሽ ክዳን የለውም።"

"ይኼን እጨርሰዋለሁ" አለች ዘርፌ።

ልብሱ አሥራ ስድስት ካሬ ነው። መሀሉ ቀይ፣ ዙሪያው ጥቁር፣ ጠርዙ ነጭ። አሥራ አምስቱ አልቀው ተገጣጥመዋል። የአሥራ ስድስተኛው ቀዩ አለቀ፣ ጥቁሩ አለቀ፣ ነጩ ቀረ። የቀረው ነጭ ክር አንድ ጥቅል ነው፤ በመንደሩ ሌላ የለም። ያ ጥቅል ከጭኗ ወደቀ። ተንከባለለ፤ መንገድ ላይ ወጣ። አንዲት አህያ ረገጠችው።

"እግርሽን አንሺ" አለቻት።

"ጌታዬ እዚህ ቁሚ ብሎኛል። እሱ ነይ ካላለኝ አላነሳም" አለች አህያዋ።

ገፋቻት፤ እንቢ። ጎተተቻት፤ እንቢ። እንዲያውም ለመራገጥ ቃጣት።

አህያዋ እግሯን አታነሳም፤ ክሩ አይለቀቅም፤ ካሬው አያልቅም፤ ልጁ ይበርደዋል።

ዘርፌ ካሬዋን ይዛ፣ ኪሮሿን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሄደች። የአህያዋ ጌታ ጋሽ ሽብሩ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጠዋል። የልጁ የክርስትና አባት እሳቸው ናቸው፤ ለነገ ራሳቸውን ሊላጩ ነው። ግማሹ ተላጭቷል። ግማሹ ጎፍሯል።

"ጋሽ ሽብሩ፣ መጥተው አህያዎን ነይ ይበሉልኝ።"

"እንዲህ ሆኜ?"

"ጋቢዎን ይከናነቡዋ።"

"ነፋስ ቢገልጠኝስ? መንደሩ እስከ ፋሲካ ይስቅብኛል። ሳልላጭ አልወጣም።"

ጋሽ ሽብሩ ሳይላጩ አይወጡም፤ አህያዋ እግሯን አታነሳም፤ ክሩ አይለቀቅም፤ ካሬው አያልቅም፤ ልጁ ይበርደዋል።

ዘርፌ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ድረስ ዞረች። "ድረስ ወንድሜ፣ ጨርሳቸው እንጂ!"

"ውሃዬ አለቀ። በደረቁ ብላጫቸው ምላጩ ቆዳቸውን ይዞ ይመጣል።"

"ተው አንተ!" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

ምላጩ ያለ ውሃ አይላጭም፤ ጋሽ ሽብሩ ሳይላጩ አይወጡም፤ አህያዋ እግሯን አታነሳም፤ ክሩ አይለቀቅም፤ ካሬው አያልቅም፤ ልጁ ይበርደዋል።

ዘርፌ የድረስን ጄሪካን አንጠልጥላ ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ወረደች። ሰው ተሰልፏል። ቦኖው ተቆልፏል። ጠባቂዋ እማማ የውብዳር ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ ይክፈቱልን።"

"በምን ልክፈተው ልጄ? ቁልፉ ከመቀነቴ ሾልኮ እዚያ ገባ" አሉና የፍሳሹን ቀዳዳ አሳዩዋት።

ቦኖው ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ምላጩ ያለ ውሃ አይላጭም፤ ጋሽ ሽብሩ ሳይላጩ አይወጡም፤ አህያዋ እግሯን አታነሳም፤ ክሩ አይለቀቅም፤ ካሬው አያልቅም፤ ልጁ ይበርደዋል።

ዘርፌ ቀዳዳው ላይ አጎነበሰች። "አንተ ቀዳዳ፣ ቁልፉን መልስ።"

"የዋጥኩትን አልመልስም" አለ ቀዳዳው። "እጅ አይገባኝም። የጭነት ገመድም አይገባኝም። እንጨት ቢገባም አይዝም። ጥፍሩ የታጠፈ፣ ገመዱ የቀጠነ ካለሽ ሞክሪ።"

ቀዳዳው ቁልፉን አይመልስም፤ ቦኖው ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ምላጩ ያለ ውሃ አይላጭም፤ ጋሽ ሽብሩ ሳይላጩ አይወጡም፤ አህያዋ እግሯን አታነሳም፤ ክሩ አይለቀቅም፤ ካሬው አያልቅም፤ ልጁ ይበርደዋል።

ዘርፌ ጆሮዋን ዳበሰች። ኪሮሿ አለች። ጫፏ እንደ ድመት ጥፍር ታጥፏል።

"ጥፍሩስ አለኝ" አለች።

"ገመዱስ?" አሉ እማማ የውብዳር።

ዘርፌ እጇን አየች። በእጇ ያለው ክር የካሬው ክር ብቻ ነው። የብርቄ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ጀምረሽ የጨረስሽው ምን አለ?

የካሬውን ጫፍ ይዛ ጎተተች። ጥቁሩ ተፈታ። ቀዩም ተፈታ።

"ኧረ ልጄ! ክርስትናው ነገ አይደለም ወይ?"

"ነገ ነው እማማ። እጄ አንዴ የሠራውን አይረሳም።"

ቀዩን ከጥቁሩ ቋጠረች። ክሩን በኪሮሿ ሳበች፤ ቀለበት በቀለበት አስገባች፤ ሰንሰለት ሠራች። ክንድ ሆነ። ሁለት ክንድ ሆነ። ኪሮሿን በጭራዋ ከሰንሰለቱ አሰረችና ወደ ቀዳዳው ለቀቀቻት። ወዲያና ወዲህ አወዛወዘቻት። ኪሮሿ አንድ ነገር ነካች። ቀስ አድርጋ ሳበች።

ቁልፉ በጥፍሯ ተንጠልጥሎ ወጣ።

ቀዳዳው ቁልፉን መለሰ። ቦኖው ተከፈተ፤ ውሃው ፏ አለ። ዘርፌ የሰንሰለቱን ጫፍ ጎተተች፤ ትርርር ብሎ ተፈታ። ጄሪካኑ እስኪሞላ ቀዩን ሠራች። ምላጩ ውሃ አገኘ። ጋሽ ሽብሩ እስኪላጩ ጥቁሩን ሠራች። ጋሽ ሽብሩ ራሳቸው እያብረቀረቀ ወጡ። "ነይ!" አሉ። አህያዋ እግሯን አነሳች። ክሩ ተለቀቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጩ ዞረ፤ ማዕዘኑ አራት ሆነ፤ ካሬው አለቀ።

በማግስቱ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጥቶ አደረ። ልጁ ከውሃው እየጮኸ ወጣ። ጋሽ ሽብሩ ተቀበሉት፤ ጠቀለሉት። ዝም አለ። እጃቸው አንዲት ማዕዘን ላይ ቆመ። ነጩ ክር እዚያ ላይ ጠይሟል።

"ዘርፌ፣ ይቺን ምን ነካት?"

"አህያዎን ይጠይቋት።"

ብርቄ ካሬዎቹን በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ስድስት። እንደገና ቆጠረች። አሥራ ስድስት።

"ጨረስሽው" አለች።

"ልጁ በርዶታል?"

"ተኝቷል።"

በሉ፣ አሁን ጫፏን ልቀቁ። ተቋጥራለች።