የአያ አንበሶ ዓሦችና ሁለቱ ጋኖች

አንድ ጊዜ፣ አንድ ቁጡ አንበሳ ከአንድ ኩሬ ዳር ይኖር ነበር። አያ አንበሶ ሲቆጣ ያገኘውን ይበላል፤ ወዳጅ ነው፣ ዘመድ ነው ብሎ ነገር የለም። ቁጣውን የሚያበርዱለት የኩሬው ዓሦች ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ውሃው ዳር ጋደም ይልና፣ ጣት የማያህሉት ዓሦች ወዲያ ወዲህ ሲሉ እያየ ዓይኑ ክድን ክድን ይላል። ያን ጊዜ ሚዳቋ እንኳ በአፍንጫው ስር አልፋ ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች።

አንድ በጋ ግን ፀሐይዋ ጨከነች። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር መጉደል ጀመረ። አያ አንበሶ ደነገጠና እንስሳቱን ሁሉ ሰበሰበ።

«ዝናብ እስኪመጣ ዓሦቼን በጋን የሚያኖርልኝ ማነው? በሕይወት የመለሰልኝን ከእንግዲህ ማንም አይነካውም፤ እኔም ጭምር። የጨረሰብኝን ግን እኔ እጨርሰዋለሁ!»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። አያ ጅቦ ብቻ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ብድግ አለ።

«እኔ አለሁ ጌታዬ! ዓሣ ማኖር ደግሞ ምን ሙያ ይጠይቃል? ጋን አለኝ፣ ውሃ ሞልቷል፣ ዋናውን እንደሆነ እነሱ ያውቁበታል። ሁሉንም ለእኔ ይስጡኝ!»

ቀበሮ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ሁሉን ለአንድ መስጠት ደግ አይደለም። እመት አህያ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትሸከም ነው የምትውለው። ግማሹን እሷ ብትወስድስ?»

ለአህያዋ አዝኖ እንዳይመስላችሁ! ከሁለቱ በአንዱ እጅ ዓሦቹ ማለቃቸው አይቀርም፣ አንበሳ ከበላ ደግሞ ለቀበሮ አጥንት አይጠፋም ብሎ ነው። ሰይጣን!

የእመት አህያ ጆሮዎች ወደ ታች ወደቁ። እምቢ ብትል ቁጣው አለ፣ እሺ ብትል ደግሞ ዓሣ አኑራ አታውቅም።

«እሺ ጌታዬ፣ ግን ለጊዜው ሁለት ብቻ ይስጡኝ» አለች። «እነሱ ከተስማማቸው የቀሩትን እየተመላለስኩ እወስዳለሁ።»

«ሁለት!» ብሎ አያ ጅቦ በሳቅ ተንከተከተ። «ሁለት ዓሣ ይዞ ዓሣ አኖርኩ ማለት አያሳፍርም? እኔ የኩሬውን ግማሽ ዛሬውኑ ነው የምወስደው።»

እንዳለውም ወሰደ። እሷም ሁለቱን በቅል ይዛ ሄደች። እሱ ጋኑን ከዋርካው ስር፣ እሷ ከሾላው ስር አስቀመጡ።

እንግዲህ የጋን ወጉ ይታወቃል። በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሁለቱም ወጉን አላጓደሉም። አሹ፣ አጠቡ፣ አጠኑ፣ ጥሩ የምንጭ ውሃ ሞሉ፤ ዓሦቹንም ጨመሩ። ለጠላ ቢሆን ማለፊያ ነበር።

በማግስቱ እመት አህያ ብታይ፣ ከሁለቱ ዓሦች አንዱ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፏል። ሌላው ከውሃው ፊት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ወይኔ! ምን አደረግኋችሁ?» ብላ እንባዋን አፈሰሰች። ከዚያም የሞተውን በቅጠል ጠቅልላ አንበሳው ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ አንዱ ሞተብኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

አያ አንበሶ አገሳ። ደግነቱ ኩሬው ገና አልደረቀምና ዓሦቹን ትክ ብሎ አይቶ ትንሽ በረደለት። «ስለነገርሽኝ ለአንዱ አልበላሽም» አላት። «ሁለተኛው ከሞተ ግን እግርሽን ታጥበሽ ነይ።»

እመት አህያ የቀረውን ዓሣ በኩሬ ውሃ ውስጥ አድርጋ እየሮጠች እንቁራሪት ዘንድ ደረሰች። እንቁራሪት በኩሬው ዕድሜ ጠገብ ናት፤ አፏም አያርፍም። የሆነውን ስትሰማ ሆዷ እስኪነፋ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ ዓሣ ልታኖሪ ነው ወይስ ልትጠምቂ? ግራዋና ወይራ! ኩሬውን ማን በግራዋ አጥቦት ያውቃል?»

«ንጹሕ ቤት ይገባቸዋል ብዬ እኮ ነው፣ እማማ።»

«ላንቺ ንጹሕ የሆነው ለእነሱ ምድረ በዳ ነው! ጋኑን ግራዋው እስኪለቅ ደጋግመሽ በባዶ ውሃ አለቅልቂው። ፀሐይ ይምታው። ከኩሬው አሸዋና ድንጋይ ውሰጂ፣ ያንን አረንጓዴ ዝልግልግ ግን እንዳትፈትጊው! ቤቱን ቤት የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ውሃውን ሞልተሽ ተዪው። ይቀመጥ፣ ይርጋ፣ አገር ይልመድ። ዓሣው እስከዚያ እኔ ዘንድ ይሰንብት።»

«ዝም ብዬ ባዶ ጋን ልጠብቅ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ይበልሻ! እንቁላልም ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሄደ።»

እመት አህያ እንደተባለችው አደረገች። ባዶ ጋን እየጠበቀች ስትቀመጥ አላፊ አግዳሚው ተሳለቀባት፤ እሷ ግን ቻለችው። ውሃው ረግቶ፣ ድንጋዩ ለምልሞ ዓሣዋን ብትመልሰው፣ ምኑ ቅጡ! እንደ ልጅ ቦረቀ። ደስታዋን አልቻለችውም፤ የእጇን ሁሉ ፍርፋሪ ልታፈስለት ስትል እንቁራሪት ከኋላ ጮኸች።

«ተይ! በሞቴ፣ አፈር ስሆን የምትይው እንግዳ መሰለሽ? ቁንጥር ብቻ ስጪው። የተረፈው ይሸትና ይገድለዋል።»

ከዚያ ወዲያ እመት አህያ ለምግብ ስትመጣ በኮቴዋ መሬቱን ቆጭ ቆጭ ታደርጋለች፣ ቁንጥር ትበትናለች፣ ትሄዳለች። ዓሣው ሲስማማው ሌሎች ጥቂት ጨመረች። እነሱ ሲለምዱ ደግሞ ጥቂት። ኩሬው ጭቃ ሆኖ ሲቀር የቀረው ዓሣ ሁሉ ከሾላው ስር ይዋኝ ነበር።

አያ ጅቦስ? እሱማ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ዓሦቹ ከውሃው ፊት ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱ አየና ፈነደቀ። «አዬ ወገኖቼ! እንደኔው ሆዳሞች ናችሁ፣ ራባችሁ አይደል?» ብሎ አንድ ቁና ዱቄት ገለበጠባቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው እንደሆነ በየት ይወቀው! ሲመሽ አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

«ምግብ አይደፋም» አለና አንድ በአንድ ዋጣቸው። ጢሙን ከላሰ በኋላ ነው የአንበሳው ቃል ትዝ ያለው። ወደ ቀበሮ ሮጦ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈለት።

«ምን ያርበተብትሃል?» አለው ቀበሮ። «ጋኑን ክደነው። የጠየቀህን ሁሉ ተኝተዋል በለው። አንበሳው በሚመጣ ዕለት ጋኖቹን እናቀያይራለን። ታዲያ ከአህያዋ ላይ ጉበቱ የኔ ነው።»

ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲሰማ አያ አንበሶ ዓሦቼን ልይ ብሎ ተነሳ። ዓሣ ካየ ሰንብቷልና ፊቱ እሳት ሆኗል። ያን ዕለት እመት አህያ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። አያ ጅቦ የእሷን ጋን ተሸክሞ፣ ውሃው በጀርባው እየፈሰሰ ከዋርካው ስር አደረሰው፤ የራሱን ባዶ ጋን ከሾላው ስር ገተረው።

አንበሳው መጀመሪያ ወደ ሾላው ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። የግራዋና የወይራ ሽታ አፍንጫውን መታው እንጂ ዓሣ የለም። ከዋርካው ስር ግን ዓሦቹ ከድንጋዩ ስር ብልጭ ሲሉ አየ።

«ይኸው ጌታዬ!» አለ አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ። «እንደ ልጆቼ ነው ያሳደግኋቸው።»

በዚህ መሃል እመት አህያ ደረሰች። ባዶውን ጋን አየች፣ የጅቡን እርጥብ ጀርባ አየች፣ የአንበሳውን ጥፍርም አየች። ነገሩ ገባት። ፈርታ ነበር፤ ዓሦቿን ግን ከራሷ ይልቅ ታውቃቸዋለች።

«ጌታዬ፣ ከመብላትዎ በፊት አንድ ነገር ልለምን» አለች። «አሳዳጊያቸው ያብላቸውና እንይ።»

«መልካም» አለ አንበሳው። «አብላቸው።»

አያ ጅቦ ሙሉ ቁና ዱቄቱን አምጥቶ፣ «ብሉ እንጂ! በሞቴ!» እያለ በጋኑ ላይ ሲያጎነብስ፣ ዓሦቹ ጥላውን አይተው ከድንጋዩ ስር ተወሸቁ።

«አፍረው ነው» አለ አያ ጅቦ።

«ቁናውን ወዲያ አርቅልኝ!» አለች እመት አህያ። ከጋኑ አጠገብ ቆመችና በኮቴዋ መሬቱን ቆጭ ቆጭ አደረገች። ዓሦቹ ከያሉበት እየተሽቀዳደሙ ወጡ። አፋቸውን ከፍተው ወደ እሷ ተንጋጉ።

አያ አንበሶ ቀስ ብሎ ወደ ጅቡ ዞረ። «ለአንተ የሰጠሁህስ የት አሉ?»

አያ ጅቦ ሳያስበው ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል! አንበሳው ሲያገሳ ጅቡ ቁናውን ጥሎ ወደ ጫካ ተፈተለከ።

«እኔ ድሮም ይህን ሌባ ጠርጥሬው ነበር!» ብሎ ቀበሮ ተነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? አንበሳው ዓይኑን ሲያጉረጠርጥበት ቀበሮም ጅራቱን ቆልፎ ሄደ። አያ አንበሶ ሁለቱንም ሊያሳድድ ብድግ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን አንዷ ዓሣ ብልጭ ብላ አለፈች። እሷን ሊያይ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ጋደም አለ።

ዝናቡ ኩሬውን ሲሞላው ዓሦቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እመት አህያንም ከዚያ ወዲህ የደፈራት የለም። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ አያ አንበሶ ራሱ አዲስ ጋን ተሸክሞ፣ እቅፍ ሙሉ ግራዋ ይዞ ከደጇ ቆመ። ሲያፍር ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

«እኔም ከቤቴ ማኖር አማረኝ» አላት። «ስንቱን ልውሰድ? መቶ ይበቃኛል?»

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ግራዋውን ይጣሉት» አለች እመት አህያ። «ከዚያ ቁጭ ብለው ባዶውን ጋን ይጠብቁ። ውሃው ሲረጋ ሁለት እሰጥዎታለሁ።»

አያ አንበሶም ግራዋውን ጥሎ ከባዶው ጋን አጠገብ ቁጭ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ ነገርን በትንሹ የጀመረ ከመጀመሪያ ስህተቱ ሲማር፣ ሁሉን በአንዴ የዘገነ ግን የመጀመሪያ ስህተቱ የመጨረሻው እንደሚሆንበት ነው።