ኃላፊው ያጧቸው አጋዘኖች

የቱሪዝም ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ከቢሯቸው የሚወጡት በዓመት አንድ ቀን ነው። የወጡ ቀን ግን አገር ምድሩ እንዲያውቅላቸው ይፈልጋሉ። ዘንድሮም ከሩቅ የመጡ እንግዶችን አስከትለው፣ ጠዋት ገዳሙን፣ ረፋድ ላይ የነገሥታቱን ፍርስራሽ በጥድፊያ አሳዩና ከሰዓት ወደ ፓርኩ ወረዱ። መኪና የሚያስገባ መንገድ ስለሌለ የሁለት ሰዓቱን አቀበትና ቁልቁለት በእግራቸው ነው የፈጁት።

አጋዘን ውሃ ከሚጠጣበት ወንዝ ዳር እንደደረሱ ድምፅ ማጉያ አስተከሉ።

«በዚህ ዓመት ብቻ» አሉ እየጮኹ፣ «እዚህ ፓርክ ድረስ አስፋልት አስገብተናል! ባለ አርባ ክፍል ሎጅም ሠርተን አስመርቀናል!»

እንግዶቹ አቧራ የዋጠውን ጫማቸውን አዩ።

ንግግሩ ሲያልቅ በአካባቢው እንኳን አጋዘን ወፍም አልቀረም። ኃላፊው አፈሩ። ንዴታቸውን የሚወጡበት ሰው ሲፈልጉ ዓይናቸው ፓርኩን ሲጠብቅ ባረጀው ስካውት ላይ አረፈ።

«አንተ! ሦስት መቶ አጋዘን አለ ብለህ ሪፖርት አድርገሃል። የታሉ? አሁን እንግዶቹ ፊት ካላሳየኸኝ ጠመንጃህን አስረክበህ ቤትህ ትገባለህ!»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ እጅ ነሣ።

«ይሄማ ቀላል ነው ጌታዬ። ጩኸቱ ሲበዛባቸው እርስዎ ባስገቡት አስፋልት ሄደው፣ ባለ አርባ ክፍሉ ሎጅ ገብተው ተኝተዋል። እኔ ጫካውን በየቀኑ ስዞር ሎጁን አይቼው ስለማላውቅ መንገዱን እርስዎ ይምሩን። ሎጁን ካሳዩን፣ አጋዘኖቹን እኔ አሳያለሁ።»