የማንጠግቦሽ ሆድና የወርቅያንጥፉ ቁና

ጓደኛዋን የበደለቻት ማንጠግቦሽ ትባላለች። ስሟን አስቀድሜ የጠራሁት ኋላ «ማን ነበረች?» እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ ነው። ጆሯችሁን ወዲህ በሉ። መስማት የማይፈልግ ካለ ወጥቶ ታክሲ ይጠብቅ።

ድሮ፣ ዕቃ አፍ በነበረው ዘመን፣ ከአስፋልቱ ዳር ከታክሲ ፌርማታው ጀርባ ወርቅያንጥፉ የምትባል ዶሮ ትኖር ነበር። ስፌት ሰፊ ናት። ወስፌ አትፈልግም፤ ምንቃሯ ወስፌዋ ነው። ወጋ፣ ሳብ፤ ወጋ፣ ሳብ፤ ቀኑ በዚሁ ያልፋል። የሰፈሩ ሰፌድ ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው፤ ይቅርታ፣ የእሷ አፍ ሥራ። ኩራቷም የዚያኑ ያህል ነው። የሌላ ስፌት ስታይ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ይሄ የተሰፋ ነው ወይስ የተረገጠ?» ትላለች።

ማንጠግቦሽ ደግሞ ጎረቤቷ ናት፤ ፍየል። ለበዓል ከገጠር ተነድታ መጥታ፣ ገዢው ሁሉ ጎኗን እየዳበሰ «ከሲታ ናት» ብሎ ትቷት የተረፈች። ከዚያ ወዲህ ከተማው ተስማማት።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ከግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። የፌርማታው በቆሎ ጠባሽ የጣለችውን ፍሬ ዶሮዋ ትለቅማለች፣ ቆረቆንዳውን ፍየሏ ታኝካለች። የታክሲ ረዳት ሲጮህ አብረው ይጮሃሉ። ሰው ለተሳሳተ ታክሲ ሲሮጥ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አለ? ካለ ንገሩኝ።

ወርቅያንጥፉ ከጥቅምት እስከ ጥር አንድ ቁና ሰፋች። ቀይ አለላ፣ አረንጓዴ አለላ፣ ሐምራዊ አለላ ያለበት፣ ሁሉም ቀለም የተነከረ ሣር። ለገበያ አይደለም፣ ለራሷ ነው። አሥራ አንድ እንቁላል ጥላለች፤ እንቁላሎቹ በተቀደደ ጀሪካን ውስጥ ነው ያሉት። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ይንከባለላሉ።

«እማዬ፣ ዞረብን!»

«ታገሱ ልጆቼ። ሰኞ ቁናው ውስጥ አስገብቼ እታቀፋችኋለሁ።»

ከሰኞ ካለፈ ደግሞ አለቀ። የከረመ እንቁላል ቢታቀፉት ጫጩት አይሆንም። ይህን ዶሮ ሁሉ ያውቃል።

ሐሙስ ዕለት ማንጠግቦሽ መጣች።

«ወርቄ፣ በጓ በጊቱ ወለደች አሉ። አራስ ልጠይቅ ነው። ታዲያ ዳቦ በፌስታል ይዤ ልግባ?»

«ፌስታሉን መንገድ ላይ ትበይዋለሽ።»

«እሱማ ነው። ቁናሽን አውሺኝ።»

ወርቅያንጥፉ ቁናውን አየች፣ ጓደኛዋን አየች። ለጓደኛ እንቢ አይባልም።

«ከሰኞ በፊት ትመልሺልኛለሽ። ደግሞ ወጉን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እፍኝ ገብስ አደርግበታለሁ።»

«ቀስ ብለሽ ያዢኝ፣ ጠርዜን!» አለ ቁናው። እንደ ሰፊዋ ኩራተኛ ነበር። ማንጠግቦሽ በአፏ አንጠልጥላው ሄደች።

ዓርብ ሆነ፤ ቁናው የለም። ወርቅያንጥፉ ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች።

«ማንጠግቦሽ፣ ቁናዬስ?»

«ውይ ወርቄ! ዝናብ ነክቶት ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።»

ወርቅያንጥፉ ሰማዩን አየች። በጥር ምን ዝናብ? ይሄኔ ከወደ ፍየሏ ሆድ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ውሸቷን ነው! እዚህ ነኝ!»

«ማነው እሱ?» አለች ወርቅያንጥፉ።

«ረዳቱ ነዋ! ይሄ የታክሲ ረዳት ጉሮሮው አይዘጋም» አለች ማንጠግቦሽ፤ ብላም አፏን ገጠመች።

ቅዳሜ ሄደች። «ቁናዬስ?»

«አህያዋ ተውሳኝ ሄደች። ትናንት እንኳ ስታመሰግንሽ ነበር።»

«አራት ቦታ ተከፍያለሁ!» አለ ድምፁ። «ሩቤ በአንደኛው ጨጓራ፣ ሩቤ በሁለተኛው! ሐምራዊዬ የት እንዳለ አላውቅም!»

«ይሄስ?»

«የጎረቤት ራዲዮ ነው። ድራማ ነው፣ በጣም ያሳዝናል» አለች ማንጠግቦሽ፤ ብላም አገሳች።

ወርቅያንጥፉ ራዲዮ ታውቃለች። ራዲዮ አያገሳም። ግን ተመለሰች፤ ጓደኛ ፊት ለፊት «ዋሸሽ» ማለት ይከብዳል። በዚያ ቀን ከሰዓት ግንቡ ሥር ብቻዋን ፀሐይ ሞቀች። የአንድ ሰውዬ ኮፍያ በንፋስ ሄዶ ታክሲ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። ብቻዋን አየችው። ብቻ ሲያዩት ኮፍያ አያስቅም።

«እማዬ፣ ነገ እሑድ ነው አይደል?» አሉ እንቁላሎቹ።

እሑድ ሄደች። ይህን ጊዜ ብቻዋን አልሄደችም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ አያ ደምሳሽን አስከትላ ነው። አያ ደምሳሽ ውሻ ናቸው፤ በአንድ ዓይናቸው ያያሉ፣ በሌላው ይፈርዳሉ። ሽምግልና የተባለ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ድመቷም አይጧም አንድ ላይ ቆሙ።

«ቁናው የት አለ?» አሉ አያ ደምሳሽ።

«ሌባ ወሰደብኝ፣ አያ።»

«እዚህ ነኝ እያልኩ እኮ ነው! ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ ድምፁ፤ ሁሉም የማንጠግቦሽን ሆድ አዩ።

ማንጠግቦሽ ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። «አርግዤ ነው!» አለች። «ልጄ ነው፤ ቶሎ አፍ ፈታ።»

ድመቷ እልል አለች። አይጧ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች፤ ገና ያልወለደች መሆኗ ትዝ ሲላት ደግሞ አፈረች። አንዷ ገንፎ ላገንፋ ብላ ተነሳች። ወርቅያንጥፉ ብቻ አልተነቃነቀችም። የጓደኛዋን አመል ታውቃለች፤ ማንጠግቦሽ ሲጨንቃት ታመሰኳለች። ስለዚህ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ብዙም አልቆየ። የማንጠግቦሽ አንገት ሽቅብ ሄደ፣ አንድ ነገር ጉሮሮዋን ወጣ፣ መንጋጋዋ መፍጨት ጀመረ። ከከንፈሯ ዳር አንድ ቀይ አለላ ብቅ አለ፤ ጢሟ ላይም ተንጠለጠለ።

«ደረስኩ!» አለ ቁናው። አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። «ሰላም ወርቄ! ቅርጼን አትይው።»

እልልታው ቀጥ አለ።

ማንጠግቦሽ ተንበረከከች። «አያ፣ ዳቦውን ለአራሷ በክብር አድርሻለሁ። ስመለስ ቁናው ሸተተኝ፤ ሜዳ ሜዳ ሸተተኝ። ከተማ ከመጣሁ የምበላው ካርቶን ነው። ቆረቆንዳና ጋዜጣ። የእናቴን ሜዳ ሣር ካየሁ ሁለት ፋሲካ አለፈኝ። ጠርዙን ብቻ ላስ ላድርግ አልኩ። ቀና ስል ታቹ ብቻ ቀርቷል። ታቹን ብቻ ይዤ ብመጣ ያሳፍራል ብዬ…»

«ብለሽ?» አሉ አያ ደምሳሽ።

«ጨረስኩት።»

ሁሉም ወርቅያንጥፉን አዩ። ወርቅያንጥፉ ተጠጋቻት።

«የቱ ይጣፍጣል?»

«ምኑ?»

«አለላው። ቀዩ ነው አረንጓዴው?»

«ሐምራዊው! ወይኔ ወርቄ፣ ሐምራዊው!»

ወርቅያንጥፉ ሳታስበው ላባዋን ነፋች። «እሱማ ሁለት ጊዜ ነው የነከርኩት» አለች። ወዲያው ቁጣዋ ትዝ አላት። «ሌባ! ሆዳም! ለነገዬ ምን ልሁን? አሥራ አንድ ልጆቼ ጀሪካን ውስጥ እየተንከባለሉ ነው! አራት ወር የሰፋሁትን በአንድ ሌሊት ልሰፋው ነው?»

ማንጠግቦሽ አለቀሰች። ድመቷ ለእንቁላሎቹ የማዳበሪያ ከረጢት ይነጠፍ አለች፣ አይጧ ባርኔጣ ሰርቃ ልታመጣ ተሽቀዳደመች። አያ ደምሳሽ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እንቅልፍ ወስዷቸው ነው ብለን ነበር፤ ለካ ፍርዱ ነው።

«ቁናው የት ነው ያለው?» አሉ።

«እሷ ሆድ ውስጥ» አለ ሁሉም።

«እንግዲያው ቁናው አልጠፋም» አሉና ተነስተው ሄዱ።

ሰፈሩ ሁሉ ምን ማለታቸው ነው እያለ ተበተነ። ወርቅያንጥፉ ግን ገብቷት ነበር። «ግንቡ ሥር፣ በጠዋት» አለቻት ለማንጠግቦሽ። «እንዳትዘገዪ።»

ይኸው ተረቴን አውሻችኋለሁ፤ ስትመልሱልኝ ባዶውን እንዳይሆን። የጓደኛውን ዕቃ የበላ፣ ዕቃው ሆኖ ይክፈል። የቀረችኝ ሰኞ ጠዋት ብቻ ናት።

ሰኞ ጠዋት ወርቅያንጥፉ ማንጠግቦሽን ከግንቡ ሥር፣ ፀሐዩ ከሚመታበት፣ ታክሲው ከሚታይበት ቦታ ክብ አድርጋ አስተኛቻት። ጢሟን አነጠፈች፣ እግሯን አጠፈች።

«ስንት ቀን ነው ወርቄ?»

«ሃያ አንድ።»

«ሃያ አንድ ቀን ሳልነሳ? ቆረቆንዳ ማን ያመጣልኛል?»

«እኔ ነኛ፣ ለመብላት በወረድኩ ቁጥር። ጓደኛሽ አይደለሁ? ደግሞ እንዳትስቂ፣ ሆድሽ ሲርገበገብ ይወድቁብኛል።»

አሥራ አንዱን እንቁላል አንድ በአንድ አንከባላ በሆዷና በታጠፈው እግሯ መሃል ደረደረች። ከዚያ ወጣችና፣ ላባዋን ዘርግታ እንቁላሎቹን ታቅፋ፣ በገዛ ቁናዋ ላይ ተቀመጠች።

«ቀስ በይ፣ ጠርዜን!» አለ ቁናው ከውስጥ።