ሣር አጫጁና የአሜሪካኖቹ ኳስ

አንድ ምላሱ የሰላ የስታዲየም ሣር አጫጅ ነበር። የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ደመላሽ አሜሪካ ደርሰው ሲመለሱ የአሜሪካን ፉትቦል ፍቅር ይዟቸው መጡ። ጨዋታው በአህጉራዊው ውድድር እንዲካተት ሊጠይቁ፣ ለተጫዋቾቹም ቦታ እንዲገኝ ስምንት ሯጮች ወደ ውድድሩ ከሚሄደው የአገሪቱ ቡድን ሊቀንሱ ቆረጡ። ሣር አጫጁ ግን «ኳስ ታቅፎ መሮጥ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ማለቱ ጆሯቸው ገባ።

ሠራተኛውንና ሯጮቹን አዳራሽ ሰብስበው የጨዋታውን ፊልም አሳዩ። መብራቱ እንደበራ ሣር አጫጁን አስነሱት።

«አንተ! እስቲ አሁን በሰው ፊት ተናገር፤ ይህ ጨዋታ ውድድሩ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? አይገባም ካልክ ማጨጃህን አስረክበህ ውጣ!»

ዞር ቢል ሯጮቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ይገባል ቢል እነሱን መክዳቱ ነው፤ አይገባም ቢል እንጀራውን ያጣል። ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ይገባል እንጂ ክቡርነትዎ! እንዲያውም ወርቁ የእኛ ነው» አለ።

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። «እንዴት?»

«ፊልሙን አየሁት። ሰዎቹ አምስት እርምጃ ይሮጡና ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ፤ ደግሞ አምስት እርምጃ ይሮጡና ይሰበሰባሉ። ታዲያ በስብሰባ እናንተን ማን ይችላችኋል? ሯጮቹን አይንኩብን፤ ኮሚቴው ራሱ ይሰለፍ። የምትቀራችሁ ያቺ አምስት እርምጃ ናት፤ እሷን እኔ ሣሬን እያጨድኩ አለማምዳችኋለሁ።»