እትዬ ስንዱ የጫኗቸው ሰባቱ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ያጫወተኝን ላጫውታችሁ። የኮምፒውተር ነገር ነው፤ አትፍሩ፣ እኔም ብዙ አላውቅም።

ሰውየው ጽሑፍን ወደ ብሬል የሚለውጥ ፕሮግራም ይሠራል፤ ዐይነ ስውራን ተማሪዎች በጣታቸው እንዲያነቡት። ሥራውን ያስተማሩት እትዬ ስንዱ የሚባሉ ባለሙያ ናቸው። ፕሮግራሙ የቆመው ሲ በሚባል የቆየ ቋንቋ በተጻፉ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች አስቀድመው ባዘጋጇቸው የፕሮግራም ክፍሎች ላይ ነው። ሁሉን የሚገጣጥም መሣሪያም፣ ያው ሌላ ፕሮግራም፣ ያስፈልገዋል።

የእትዬ ስንዱ መሣሪያ ቀርፋፋ ነበር። ሥራ ሳይጀምር "ይሄ ላይብረሪ አለ? ያኛውስ?" እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል። አንዱ ከጎደለ ስሙን ጠርቶ ይቆማል። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይጠብቁታል።

"እትዬ፣ ይሄስ የበር ጥበቃ ነው፤ ሳይፈትሽ አያስገባም" እያለ ሰውየው ይስቅባቸው ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ሰውየው ፈጣኑን አዲስ መሣሪያ መረጠ። ጥያቄ የለ፣ መቆም የለ። በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ አምስት ዓመት ሠራበት።

ከዚያ አንድ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጠራው። ለፈተናው አንድ ቀን ቀርቷል፤ አሥራ አራት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙን በትምህርት ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሊገጣጥም ሞከረ። እንቢ አለ። የጎደለውን እንኳ አልነገረውም።

ደወለላቸው። "እትዬ፣ አምስት ዓመት የሠራ መሣሪያ ምን ነካው?"

"ምንም አልነካው። ድሮም ላይብረሪዎቹን አያውቃቸውም። አንተ እረፍት ላይ ሳለህ እኔ ነኝ በእጄ የጫንኳቸው፤ በእነሱ ላይ ነው የኖርከው። የድሮ ፋይሌን አልጣልከው እንደሆነ ክፈተው፤ ስማቸው እዚያ አለ።"

ከፈተው። ሰባት ስሞች፣ እሳቸው እንደተዉአቸው። "ያ ቀርፋፋ ጥያቄ በጣም ናፈቀኝ" አለኝ። ሰባቱን ጭኖ ወደ እሳቸው መሣሪያ ተመለሰ፤ ፈተናውም በሰዓቱ ታተመ።

እናንተስ፣ ማን በጫነላችሁ ላይ ነው የምትኖሩት? አባቴ ማዕድ ላይ ሁላችንንም በስም፣ የታመመውን ጎረቤት ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እየጠራ ይጸልይ ነበር። ሽሮው ይቀዘቅዛል፤ እኔ አጉረመርማለሁ። ዛሬ ያንን የቀዘቀዘ ሽሮ ባገኘው ምን ነበረበት?

እኛም ፈጣኑን መርጠናል። አሜን ብለን እንቆርሳለን። ምንም አልጎደለብንም፣ አይደል? ወላጆቻችን በጸሎታቸው በጫኑልን ላይ ነውና ያለነው። ልጆቻችሁ ግን ነገ አዲስ ቤት ይገባሉ። እዚያ ማን ጭኖ ይጠብቃቸዋል?

እንግዲህ ዛሬ ማዕድ ስትቀርቡ፣ አንድ በአንድ በስም ጥሩ። ልጆቹ ያጉረምርሙ። ወጡም ይቀዝቅዝ።