እጇን ከጭኗ ሥር ያስገባችው ባለሙያ

ተረት ተረት።

«የላም በረት!»

ድምፃችሁ የት ገባ? ምሳችሁን አልበላችሁም እንዴ? ተጠጉ እንጂ ወደዚህ። አንተም እግርህን ሰብስብ፣ እሳቱን ለብቻህ ያዝከው እኮ። እንዲያ ነው። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ዘመን ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር ደብሪቱ የምትባል ባለሙያ ሴት ነበረች። ባለሙያ ስላችሁ እንዲያው ለወጉ አይደለም። ሰርግ ሲደገስ የምትጠራው እሷ፣ ተዝካር ሲወጣ ወጥ የምትሠራው እሷ ነበረች። ሽሮ እንኳ፣ ያው የሁላችንም ሽሮ፣ እሷ ስትሠራው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ጎሹ የሚባል ነገር የማያበዛ ባል ነበራት። ሁለት ልጆችም ነበሯቸው። ሴቷ ማንጠግቦሽ፣ ወንዱ አያልነህ።

ታዲያ ይህች ደብሪቱ አንድ አመል ነበራት። ማጀቷ ውስጥ ሰው አታስገባም። ማንጠግቦሽ ማማሰያውን ስታነሣ ከእጇ ትቀማትና፦

«ተዪ፣ ታበላሺብኛለሽ» ትላታለች።

አያልነህማ ጭራሽ የማጀቱ ደጃፍ ላይም አይደርስ። ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው ትላለች። ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ ልጆቿን ትወዳለች። ግን እሷ ቶሎ ትጨርሰዋለች፣ እነሱ ደግሞ ያንጠባጥባሉ፣ ያሳርራሉ፣ ይቃጠላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍቅርም ነበረበት፣ ኩራትም ነበረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጆቹ አደጉ። ማንጠግቦሽ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች፣ አያልነህም ጢሙን መዳበስ ጀመረ። ሽሮ መሥራት ግን ሁለቱም አያውቁም ነበር።

አንድ ክረምት ደብሪቱን ብርቱ ጉንፋን ያዛት። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣላትና ቤተሰቡን ጎረቤት እያበሰለ አበላቸው። ከዚያም ተሻላትና ተነሣች። ተነሥታም ወጥ ሠራች። እንደ ልማዷ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው። ምንም የለም። ደግማ ቀመሰች። ውኃም አይል፣ ወጥም አይል። ነጭ ሽንኩርት አነሣችና አሸተተች፣ እሱም ምንም። ጣዕም የሚባል ነገር ካፏ ሄዷል፣ ሽታም አብሮ ሄዷል።

ነገ ይመለስልኛል ብላ ዝም አለች። አልተመለሰም። ለማን ትናገር? ደብሪቱ ከተባለ ወጧ ነው፣ ወጧ ከሄደ እኮ ስሟም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ደበቀችው። ጨው ትጨምራለች፣ ከዚያም ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም ብላ ትጠራጠራለች፣ ከዚያም ትደግማለች። ጎሹም ይበላል። አንድ ጊዜ ይጎርስና የውኃ ቅሉን አንሥቶ ይጠጣል። ይጎርሳል፣ ይጠጣል። ልጆቹም እርስ በርስ እየተያዩ ይውጣሉ። ማን ይንገራት? ባለሙያን ሴት ወጥሽ ጨው በዛበት የሚላት ማን ወንድ ነው?

እሷም ሳታየው ቀርታ አይደለም። የባሏ ቅል ቶሎ ቶሎ እንደሚጎድል አይታለች። ቅሉን ትሞላና መልሳ አጠገቡ ታስቀምጠዋለች።

ከዚያም ኅዳር ተቃረበ። በኅዳር ሚካኤል የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእነ ደብሪቱ ነበር። የማኅበሩ ሰው ሁሉ፣ መምሬ ተካ ጭምር፣ ቅዳሴ ሲወጣ እቤቷ መጥቶ ሊበላ ነው። ማኅበርተኛ ደግሞ እንደ ባል ውኃ እየጠጣ ዝም አይልም። ወጡ ከተበላሸ ወሬው ወንዙን ተሻግሮ እዚህ ድረስ ይሰማል። ደብሪቱ እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጡን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ቆመች። ደግማ ቀመሰች። እንባዋም መጣ። ዘወር ስትል ማንጠግቦሽ እንስራዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ደብሪቱ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፣ ቁጣው ግን አልመጣላትም። መዳፏን ዘረጋችላትና፦

«ነይ ልጄ፣ ቅመሺልኝ። ምን ምን ይላል?» አለቻት።

ማንጠግቦሽ ከተወለደች ጀምሮ ከእናቷ መዳፍ ወጥ ቀምሳ አታውቅም ነበር። እንስራዋን አወረደች፣ ጎንበስ አለችና ቀመሰች። ፈራ ተባ እያለችም፦

«እማዬ፣ ጨው ጨው ይላል። ሰነባብቷል» አለቻት።

ደብሪቱ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻት። ተያይዘው አለቀሱ። ከዚያም አያልነህን ጠሩት። የማኅበሩ ድስት ትልቅ ነው፣ አንድ ሰው የሚያወርደው አይደለም። ማጀት ግባ ሲሉት ተሳስተው የጠሩት መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

አሁን እንግዲህ ማስተማር ቀላል መስሏችኋል? ደብሪቱ መሥራት እንጂ መናገር አታውቅበትም። ጨው ስንት ይግባ ሲሏት እስኪበቃው ትላለች። መቼ ይበቃዋል ሲሏት ሲበቃው ነዋ ትላለች። መጀመሪያ ሽሮው ተጓጎለ። በማግስቱ ሽንኩርቱ አረረ። ማንጠግቦሽ ቀስ እያለች ስታማስል ደብሪቱን እጇን ይበላታል፣ ሳታስበው ማማሰያውን ትቀማታለች። በተቀማች ቁጥር ልጅቱ ወደ ግድግዳው ትሸሻለች። ደብሪቱ ይህን ልብ አለችው። ልብ አለችና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

እንዲያ ተቀምጣ በአፏ ብቻ አስተማረቻቸው። ቃሉም ቀስ በቀስ መጣላት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ አቁላሉት አለች። ሲጣድ ይንጫጫል፣ ውኃው ሲያልቅ ዝም ይላል፣ ያን ጊዜ ዘይቱን ስጡት አለች። በርበሬው እንዳያርርባችሁ ውኃ ጠብ ጠብ አድርጉለት፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ በስሏል ማለት ነው አለች። ሽሮውን በአንድ እጃችሁ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉት፣ ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱለት አለች። አያልነህ ለካ ጆሮ ነበረው። ውጭ እንጨት እየፈለጠ ሽንኩርቱ ዝም አለ ብሎ ይጣራል። ማንጠግቦሽ ደግሞ ለእናቷ ምላስ ሆነችላት። እየቀመሰች አንሶታል ትላለች፣ አሁን ልክ ነው ትላለች። ልክ በሆነ ቁጥርም የዘገነችውን ጨው በዓይኗ ትይዛለች። ለትንሹ ድስት የመዳፏ መስመሮች እስኪሸፈኑ ነው። ለትልቁ ድስትም፣ ደቦ የወጡ አጫጆችን ሲያበሉ አንድ ሙሉ እፍኝ እንደሚበቃው አየች። ያን ቀን አጫጆቹ ድስቱን ጠርገው በሉ።

ከዚያም የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዓርብ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ግን በሽር ጉዱ መሃል ማንም ነገሩን አላሰበውም። ዓርብ ጾም ነው ልጆቼ። ቅዳሴ ሳይወጣ ወጥ በምላስ ጫፍ እንኳ አይቀመስም። ድሮ ቢሆን ደብሪቱ በጾም ቀን ጨውን በማሽተት ታውቀው ነበር። ዛሬ የሷ አፍንጫ የለም፣ የልጇም ምላስ ታሥሯል።

ምስሩ በትልቁ ድስት በሰለ። ዘይቱም ላዩ ላይ ወጣ። ማንጠግቦሽ ጨው ዘገነች፣ እፍኟን አየት አደረገችና ጨመረች። አያልነህ አማሰለ። ደወሉ ተደወለ፣ ቅዳሴ ወጣ፣ የማኅበርተኛው ድምፅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ይሰማ ጀመር።

ደብሪቱ እጇ ላይ ተቀምጣለች። ግን ዓይኗን ከድስቱ አላነሣችም። ድስቱ ትልቅ ነው፣ ባይበቃውስ? አልጫ ቢሆንብኝስ? አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምርለትና ልተወው። እጇ ከጭኗ ሥር ወጣ። ብድግ አለች፣ ከጨው ዕቃው ዘገነችና ወደ ድስቱ ዘረጋች። ማንጠግቦሽ እጇን ለቀም አድርጋ ያዘችው።

«ተዪ እማዬ፣ ታበላሺብኛለሽ» አለቻት።

 ማንጠግቦሽ ካፏ በወጣው ነገር ራሷ ደነገጠች። አያልነህ ማማሰያውን እንደያዘ ቀረ። ደብሪቱ ያንን ቃል ታውቀዋለች፣ የራሷ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ለልጇ ስትሰጣት ኖራለች፣ እንዲህ እንደሚያም ግን አታውቅም ነበር። ልጇን አየቻት። ልጅቱ የያዘችውን እጅ አልለቀቀችም።

ደብሪቱም ጨውን ወደ ዕቃው መለሰችው። መዳፏን አራገፈችና፦

«እሺ ልጄ» አለች።

ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች፣ እጇንም ከጭኗ ሥር መለሰችው።

ማኅበርተኛው ገባ። ጸሎት ተደረገ፣ ቡራኬ ተሰጠ፣ ማዕዱ ቀረበ። ሰው ሁሉ መብላት ጀመረ፣ ማንም አይናገርም። ደብሪቱ የማጀቱን መቃን ይዛ ቆማለች። ይህ ዝምታ የመጥገብ ነው ወይስ የይሉኝታ? መምሬ ተካን አላየችም። ጎረቤቶቿንም አላየችም። ያየችው ጎሹን ነው። ጎሹ ጎረሰ። ቅሉ አጠገቡ ነው። ደግሞ ጎረሰ። ቅሉን ዞርም ብሎ አላየው። እንጀራ ተጨመረለት፣ ወጥ ተጨመረለት፣ እሱንም በላ። ቅሉ ግን እንደሞላ ነበር።

ደብሪቱ እዚያው ቆማ እንባዋ ወረደ።

መምሬ ተካ ሲጠግቡ እጅሽ ይባረክ ደብሪቱ አሏት። ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን ወደ ማጀት ተመለሰችና ሁለቱን ልጆቿን እጅ እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ማንጠግቦሽ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች፣ አያልነህ ፊቱ ጥላሸት ነው።

«መምሬ፣ እኔ ዛሬ እጄ ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ምርቃቱን ለእነዚህ ይስጡልኝ» አለቻቸው።

ወንዶቹ አያልነህን አይተው ሳቁበት። ስቀው ሲያበቁ ግን ወጥ ይጨመርልን አሉ። መምሬም ሁለቱንም መረቋቸው።

ምላሷስ ተመለሰላት ወይ? እሱን እኔም አልሰማሁም። የማጀቷ በር ግን ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተዘጋም ይባላል።

እንግዲህ ተረቴን ውሰዱ፣ እራቴን ጣዱ። ሽሮው እዚያ ነው፣ ጨውም እዚያው ነው፣ አንቺም ትችያለሽ፣ አንተም ትችላለህ። እኔ እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ እጠብቃለሁ። ቱክ ቱክ ሲል ጥሩኝ።